የጅብራ ገደሉ በግ

መሪጌታ ፈንታሁን ልጃቸው አዲስዓለም ወደምትሠራበት ቢሮ የሄዱት በዕድሜያቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ የሄዱት ሊቆጡ ነበር። ከጉና ግርጌ ካለው ደብራቸው ተነሥተው፣ ግማሹን መንገድ በበቅሎ ግማሹን በመኪና ደብረ ታቦር ገቡ። ጃንጥላቸውን በር ላይ አቁመው፣ የቀረበላቸውን ወንበር ሳይቀመጡበት፣ «ያቺን ጭልፊታችሁን ከተማሪዎቼ ራስ ላይ አንሺልኝ» አሉ።

ጭልፊት ያሉት ድሮኗን ነው። አዲስዓለም የምትሠራበት ትንሽ ድርጅት ጉና ተራራ ላይ በየማክሰኞውና በየዓርቡ ያበርራታል። ሥራዋ ሁለት ነው፤ በግ ትቆጥራለች፣ ጉም ውስጥ መንገድ የጠፋው ሰው ካለም ትፈልጋለች። ተራራው ላይ ኔትወርክ የሚባል ነገር ስለሌለ ያየችውን ወደ ታች ልካ ሰው እስኪወስንላት አትጠብቅም። አእምሮዋ ከራሷ ጋር ነው። ካሜራዋ ያየውንና ሙቀት የሚለየው ሁለተኛ ዓይኗ የነገራትን እዚያው አየር ላይ አመዛዝና ይህ በግ ነው፣ ይህ ሰው ነው፣ ይህ ድንጋይ ነው ብላ ትፈርዳለች። ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነችም ከመቶ ታስቀምጣለች። በግ ከሆነ ቁጥሩንና ቦታውን ብቻ መዝግባ ምስሉን ትጥለዋለች፤ ማስቀመጫዋ ጠባብ ነው። ሰው ከሆነ ግን ዝቅ ትልና ከራሱ በላይ ቆማ አንድ ጥርት ያለ ፎቶ ታነሣለች። የጠፋ ሰው ቢሆን በመልኩ እንዲታወቅ ነው።

መሪጌታን ከቤታቸው ያስወጣቸው ይኸው ዝቅ ማለቷ ነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው፣ በልቡ የሚደረድረው፣ ከባልንጀራው ተለይቶ ነው። ሜዳ ይወጣና የጓሳው ሣር ውስጥ ጥቅልል ብሎ፣ የበግ ቆዳ ደበሎውን ከራስ እስከ እግሩ ተከናንቦ ይተኛል። እንዲህ የተኛን ተማሪ የወለደች እናቱ ከሩቅ አገር ብትመጣ እንኳ አትቀሰቅሰውም፤ እስኪነሣ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ድሮኗ ግን ይሉኝታ አልፈጠረባትም። ቤት ለመምታት አንዲት ቃል የቀረችው ተማሪ ላይ መጥታ ጆሮው ሥር ትጮኻለች።

«ሞላ የሚሉት ከይፋግ የመጣው ልጅ ሦስት ቀን የደከመበትን በትናበት ሄደች» አሉ መሪጌታ። «ትምህርቱን ትቼ ልሂድ ብሎኛል። በጋችሁን ቁጠሩ፣ ማን ከለከላችሁ። ልጆቼን ግን ተዉልኝ።»

«እሺ አባዬ። ሁለተኛ አትነካቸውም» አለች አዲስዓለም።

አባቷ ነገር ለምነዋት አያውቁም ነበር፤ ማዘዝ እንጂ መለመን አይሆንላቸውም። ለዚህም ሳይሆን አይቀርም የቸኮለችው።

ድሮኗን ያስተማረቻት እሷ ናት። ስምንት ወር ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ፣ ከሰማይ የተነሡ ፎቶዎች ላይ ሣጥን እየሣለች፣ ከሥሩ በግ፣ ሰው፣ በሬ፣ ድንጋይ እያለች ጽፋለች። ድሮኗ ከእሷ ያልሰማችውን አንዲት ነገር አታውቅም። በደንቡ ከሆነ «የሚተኛ ተማሪ፣ አይነካ» የሚል አዲስ ክፍል መጨመር ነበረባት። ለዚያ ደግሞ ደብዳቤ አለ፣ ስብሰባ አለ፣ የአለቃ ፊርማ አለ። አቋራጩ ቀላል ነው። ደበሎ የተከናነበ ተማሪ ከላይ ሲታይ የበግ ቆዳ ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ፎቶዎች ነበሯት፤ ሁሉም ሥር «ሰው» ተብሎ ተጽፏል። ከምሳ በኋላ ተቀምጣ ሁሉንም «በግ» አደረገቻቸው፤ ድሮኗን እንደገና አስተማረቻትና አዲሱን አእምሮ ጫነችላት። ውሸት የጻፈች አልመሰላትም፤ የአባቷን ፈቃድ የፈጸመች ነው የመሰላት። ድሮኗን ለሚያበርረው ለኤርምያስም አልነገረችውም፤ የሚነገር ነገር አላደረገችውም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ድሮኗ በተማሪዎቹ ላይ በከፍታዋ አለፈች። ጋቢ የለበሰውን መንገደኛ እንደ ድሮው ዝቅ ብላ ታየዋለች፤ ደበሎ የለበሰውን ግን ቆጥራው ትሄዳለች። መሪጌታ በስልክ መረቋት። ታናሽ ወንድሟ ንዋይም ደወለ። ንዋይ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው፣ አባቱ ዘንድ ቅኔ ይማራል፤ ምሥጢሩን ለእሱ ብቻ ነግራው ነበርና ሳቁ አላስወራው አለ።

«አንቺ፣ እውነት በግ አደረግሽን? ለባልንጀሮቼ ነግሬያቸው ጉባኤ ቤቱ በሙሉ እንደ በግ እባ እያለ ነው።»

«ምን ላድርግ፣ አባዬ ናቸው ያሉት።»

«ይሁን እንግዲህ። ብቻ አደራሽን፣ ለፋሲካ እንዳታርጂኝ።»

ይህን ያለው በሰኔ ነው። በጥቅምት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ንዋይ ጉናን አቋርጦ እስቴ ያሉ አንድ የቅኔ መምህር ዘንድ ለመድረስ ተነሣ። ማታ ደርሼ እደውላለሁ ብሎ ነበር። ከቀትር በኋላ ያለ ጊዜው በረዶ ወረደ፤ ተራራው ነጭ ሆኖ አመሸ። ስልኩ አልመጣም።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ አጎቷ ደሳለኝ ሃያ ሰው ይዞ ወጣ። አዲስዓለምና ኤርምያስ ከክምር ድንጋይ ከተማ በላይ መኪናውን ጥግ አስይዘው ድሮኗን አስነሡ። አርባ ደቂቃ ዞራ ተመለሰች። መዝገቧን ከፈቱት። ሰው ሃያ አንድ፤ ከእያንዳንዱ ጋር ወደ ላይ ያንጋጠጠ ፊት አለ፤ ሁሉም ፈላጊዎቹ ናቸው። በግ ስድሳ አራት። ከነዚያ ውስጥ ስድሳ ሦስቱ በየመንጋቸው ናቸው። አንዱ ብቻውን ጅብራ ገደል ውስጥ ነው፣ ከመቶ ዘጠና ስድስት።

ደሳለኝ መጥቶ መኪናው ላይ ተደገፈ። «ጅብራ ገደል እንውረድ ወይ? መውረዱ ግማሽ ቀን ይበላብናል» አለ።

«አትድከሙ አጎቴ፣ ገደሉን አይታዋለች» አለች አዲስዓለም። «አንድ በግ ብቻ ነው ያለው።»

ይህን የሚሰማ ሰው እንዴት አልመጣላትም ይል ይሆናል። አልመጣላትም። ሰው በገዛ አፉ የተናገረው ነገር ከሌላ ቦታ ዞሮ ሲመጣበት የራሱን ድምፅ አይለየውም። ድሮኗ በግ ስትል አዲስዓለም የሰማችው የማሽን ቃል ነው፤ የማይደክም፣ የማያዳላ ቃል። ወንድሟን እየፈለገች ስለነበር ደግሞ ዓይኗ የሚሮጠው «ሰው» የሚለው መስመር ላይ ብቻ ነበር። ሃያው ሰው ወደ እስቴ ጎን ዞረ።

ረቡዕ እንደገና አስነሡ። በጉ እዚያው ነው፤ አንድ ክንድ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«እግሩን ተሰብሮ ይሆናል» አለ ኤርምያስ።

«ምስኪን» አለች አዲስዓለም።

ሐሙስ ጅብራ ገደል ውስጥ ምንም የለም። በግም የለም። «ባለቤቱ አግኝቶት ወሰደው ማለት ነው» አለችና፣ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መካከል ለማታውቀው ሰው በግ ደስ አላት።

ዓርብ ዕለት ማሬ የሚባል ገበሬ ለቤት ክዳን ጓሳ ሊያጭድ ገደሉ ወርዶ ንዋይን አገኘው። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል። ሰውን ሁሉ ያስደነቀው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ደበሎው ከላዩ የለም። አውልቆ፣ ከእጁ ራቅ አድርጎ ወርውሮታል። ውርጭ ላይ ባዶ ገላውን፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ነው የተገኘው። ብርድ የሚገድለው ሰው ልብሱን ያወልቃል ወይ? አንዳንዱ አእምሮውን ስቶ ነው አለ፤ አንዳንዱ ሰይጣን ነው አለ። አዲስዓለምን ግን ማሬ የገደሉን ስም ሲጠራ ነው ሁሉም የገባት። ሁለት ቀን ከላዩ ያለፈችውን ድሮን ንዋይ ሰምቷታል። ለምን ዝቅ እንዳላለችለትም ያውቃል፤ ምሥጢሩ የተነገረው ለእሱ ነው። ሦስተኛው ቀን ሳይደርስ፣ ሰው መሆኑን እንድታይለት፣ የቀረችውን ሙቀት አውልቆ ጣላት። ድሮኗ ሐሙስ ስትመጣ ሰውነቱ እንደ ድንጋዩ ቀዝቅዞ ነበር፤ ድንጋይ ብላ አለፈችው።

ቅዳሜ ተቀበረ። አርባው ከየትኛው ቀን ይቆጠር ሲባል፣ የሞተበትን ቀን የሚያውቅ ስለሌለ ከቀብሩ ይቆጠር ተባለ። አዲስዓለም ታውቃለች። ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ሞቃት ነበር፣ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ አልነበረም። ይህን ከሰው ልጅ ሁሉ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ አልተናገረችም። አባቷም በተዝካሩ ማግስት ጠርተዋት፣ «ያቺ ጭልፊት በልጄ ላይ አላለፈችም ወይ?» ብለው ሲጠይቋት፣ «ጉም ነበር አባዬ፣ ምንም አላየችም» አለቻቸው። መሪጌታ ለረጅም ጊዜ አይተዋት «ደግ» አሉ።

አዲስዓለም ያንን የሁለት መቶ አሥራ ሦስት ፎቶ ማኅደር ከፍታ ማስተካከል ነበረባት። አልቻለችም። እጇ እስከ ስሙ ይሄዳል፣ ከዚያ ይቆማል። ከፈተችው ማለት ለኤርምያስ መናገር ነው፣ ለአለቃዋ መናገር ነው፣ ለአባቷ መናገር ነው። ስለዚህ ድሮኗ ያንኑ አእምሮ ይዛ መብረሯን ቀጠለች። ፈሪ መሆኗን ታውቅ ነበር፣ ራሷንም ጠልታ ነበር፤ ግን ፍርሃቱ በለጠ።

ተዝካሩ ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ኤርምያስ መዝገቡን እያገላበጠ ሳቅ አለ። «የጅብራው በግ ተመልሶ መጣ» አላት። እሱ ምንም አያውቅም።

ተነሥታ በትከሻው በኩል አየች። ጅብራ ገደል፣ በግ አንድ። ቦታው ከዚያው ቦታ ክንድ አልራቀም። ከመቶ ዘጠና ስድስት።

«በሌላ ሰው በግ ምን አስደነገጠሽ?» አላት።

ዓርብም መጣ። በግ አንድ። በሚቀጥለው ማክሰኞም፣ አንድ። አዲስዓለም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት የተማረች፣ በቁጥር የምታምን ሰው ናት። ያቺ መስመር ግን እህል አላስቀምሳት አለች። ማሽኗ የድሮ ነገር በአእምሮዋ ቀርቶባት ይሆናል ብላ ውስጧን አገላብጣ መረመረች፤ የቀረ ነገር የለም። እዚያ ገደል ውስጥ የሚሞቅ ነገር አለ። የበግ ቆዳ አለው። ድሮኗ በምታልፍበት ቀንና ሰዓት ይመጣል፣ ሳይንቀሳቀስ ይታያል፣ ደግሞ ይጠፋል። መንገድ ላይ የበግ ጩኸት ስትሰማ ወንድሟ «እባ» የሚል እየመሰላት ጆሮዋን ትይዝ ጀመር። ከዚህ በላይ አልቻለችም። ዓርብ ጠዋት ኤርምያስን ብቻህን አስነሣት ብላው በእግሯ ወደ ጅብራ ገደል ወረደች።

ማሬ የሚያጭድበት ቀጭን መንገድ አለ። ጉሙ ገና አልተነሣም፤ ከሥሩ ለገደሉ ስም የሰጡት ጅብራዎች፣ ረጃጅሞቹ የተራራ ተክሎች፣ እንደ ቆመ ሰው አንድ በአንድ እየወጡ ይታያሉ። ስትወርድ፣ ንዋይ ከተገኘበት አለት ሥር አየችው። ነጭ፣ ጥቅልል ያለ፣ ጠጉሩ ላይ ጤዛ የተኛበት በግ። ራሱ አይታይም። ሆዱ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል።

አምስት እርምጃ ሲቀራት የድሮኗ ድምፅ መጣ። ከጉሙ ወጣች፣ አዘገመች፣ ዝቅ አለች። አዲስዓለም ራስ ላይ መጥታ ቆመች። ነፋሷ ነጠላዋን ገፈፈው። አንጋጣ ስታያት ድሮኗ ዓይኗን ከፍታ ፎቶ አነሣቻት። አጠገቧ ወደ ተኛው ነገር አልዞረችም። ከዚያ ተነሥታ በገደሉ ላይ ወጥታ ሄደች።

«አንቺን አየችሽ» አለ ከደበሎው ሥር ድምፅ።

አዲስዓለም መሬት ላይ ተቀመጠች። ደበሎው ተገለጠ፤ የአባቷ ፊት ነው። ከስተዋል፤ ጢማቸው ላይ ጤዛ አለ። የለበሱት የንዋይን ደበሎ ነው፤ የእሷና የንዋይ እናት እቴነሽ ትከሻው ላይ የሰፋችው ጥቁር እራፊ ይታያል።

«እኔንስ ምን አለችኝ?» አሉ መሪጌታ።

የተገፈፈ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው።

«ማሬ ቤት እያደርኩ እዚህ ስተኛ ይህ አራተኛዬ ነው። ደሳለኝ ነግሮኛል። አንድ በግ ብቻ ነው ያለው ብላ መለሰችን አለኝ። አንቺ ደግሞ ጉም ነበር አልሽኝ። ተይ፣ ንገሪኝ። ምን አለችኝ?»

«በግ» አለች አዲስዓለም። ከዚያ በኋላ ማልቀሷን ማቆም አልቻለችም።

መሪጌታ አላባበሏትም። አለቱን ተደግፈው ቀና አሉና ደበሎውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። «ረቡዕ ነው ሐሙስ?» ብለው ጠየቁ።

«ረቡዕ ጠዋት ነበር አባዬ። ሐሙስ ጠዋት አልነበረም።»

«አርባውን ሁለት ቀን አሳልፈን አወጣንለታ» አሉ። ቀጥለውም፣ «እዚህ ተኝቼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር። ደበሎውን ለምን አወለቀ? እላለሁ። የመጀመሪያ ቀን ከላዬ አለፈች፤ አልገባኝም። ሁለተኛ ቀን አለፈች። ሦስተኛ ቀን ስታልፍ፣ የማደርገውን ሳላውቅ እጄ ደበሎውን ሊገፍ ተነሣ። ያን ጊዜ ገባኝ» አሉ።

«ለእሱ ነግሬው ነበር። ያውቅ ነበር አባዬ።»

«ጉባኤ ቤቱ በሙሉ ያውቅ ነበር። እባ ሲሉ እየሰማሁ እኔም ስቄያለሁ።» እጃቸውን ጠጉሩ ላይ አሳለፉ። «ልጆቼን ተዉልኝ ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

መሪጌታ አይደለሽም አላሏትም። አዎ አንቺ ነሽም አላሉም። ጉሙ እስኪነሣ እዚያው ተቀመጡ፤ ከዚያ ክንዳቸውን ይዛ ዳገቱን አወጣቻቸው።

ሰኞ ዕለት መሪጌታ ለሁለተኛ ጊዜ ቢሮዋ መጡ። አዲስዓለም ሁሉን ነገር ለኤርምያስም ለአለቃዋም ነግራ ነበር። አለቃዋ ጉዳዩ እስኪጣራ ድሮኗ አትነሣም፣ ፎቶዎቹን ግን ዛሬውኑ አስተካክይ ብሏታል። ኤርምያስ ሽማግሌውን ሲያይ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው። በዚህ ጊዜ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወጡና «ክፈቺው» አሉ።

ከፈተችው። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ አረንጓዴ ጓሳ መካከል አንድ ጥቅልል ያለ ነጭ ነገር አለ፤ ሥሩ «በግ» ይላል። መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይህ ሞላ ነው» አሉ። «ሲተኛ በግራው ነው።»

አዲስዓለም «በግ» የሚለውን አጥፍታ «ሰው» ብላ ጻፈች። ወደ ሚቀጥለው አለፈች።

«ይህ አለሙ ነው። ደበሎው ከአጎቱ የወረሰው ነው፣ ያጥረዋል። ይህም እሱው ነው።» በደበሎው ጥበት፣ በተኙበት ወገን፣ በመረጡት ቦታ ሁሉንም ያውቋቸዋል። ያላወቁት ሲመጣ ይቆያሉ፣ ይቀርባሉ፣ ስሙን ሳያገኙ አያሳልፉትም። ከጠዋት እስከ ቀትር እንዲህ ሠሩ። መቶ ተሞላ፣ መቶ ሃምሳ፣ ሁለት መቶ። አዲስዓለም የሚመጣውን ስለምታውቅ እጇ እየከበዳት ሄደ።

ሁለት መቶ ዘጠነኛው ላይ መሪጌታ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ፎቶው የግንቦት ነው፤ ጓሳው ደርቋል። ነጭ ደበሎ፣ ትከሻው ላይ ጥቁር እራፊ። ከጫፉ አንድ እግር ወጥቷል፤ ጤነኛ፣ የተዘረጋ፣ አቧራ የለበሰ ቀኝ እግር። ሥሩ «በግ» ይላል፤ በእሷ እጅ።

መሪጌታ ጣታቸውን እራፊው ላይ አሳረፉ።

«ስሙን አትጽፊለትም?» አሉ መሪጌታ።

«ስም አታውቅም አባዬ። ሰው ብቻ ነው የምትለው።»

«እሱኑ ጻፊለት» አሉ።

ጻፈችለት። አራት ፎቶዎች ቀርተው ነበርና ወደ ሚቀጥለው አለፉ።